ለአራተኛው ሰው የቀረበ እንጀራ

አባቴ «ወጥተን ራት እንብላ» ያለኝ በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀኑም ሰው ከቤቱ ለመውጣት የሚመርጠው ዓይነት አልነበረም። ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ የዋለው ዝናብ ወደ ማምሻው ካፊያ ሆኖ፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ አዘዞን ሸፍኗታል። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ እንኳ አይታይም ነበር።

ማስተዋል እባላለሁ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ያኔ ከአባቴ ጋር አዘዞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። አባቴ ፈንታሁን የዳባት ገበሬ ነው፤ እናቴ ስታርፍ መሬቱን ለአጎቴ ትቶ እኔ ጋ መጣ። ጥሩ አባት ነው። ግን በቤታችን ውስጥ ስሙ የማይጠራ ሰው ነበረ፤ ታናሽ ወንድሜ አንዳርጌ።

አንዳርጌ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ፤ ከዚያ ሊቢያ ገባ። እሱ ሊቢያ እያለ እናታችን ሞተች። በባዕድ አገር ብቻውን እንዳያለቅስ ብለን መርዶውን አልነገርነውም። «እማዬስ?» ሲል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» እንለው ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። አብሮት የነበረ የአገራችን ልጅ አንድ ቀን ደውሎ «እሱ በፊተኛው ጀልባ ነው የገባ፤ እኔ በኋለኛው። የፊተኛው አልደረሰም ይላሉ» አለን። ሲሰጥም ያየ የለም። አስከሬን የለም። ዘመዶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ ሲመጡ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መለሳቸው።

«ልጄን ሞተ ያለ ሰው አስከሬኑን ይዞ ይምጣ» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ እሱም እኔም ስሙን ጠርተነው አናውቅም። ዓመታት አለፉ። እኔ ማታ ማታ አባቴ ከተኛ በኋላ ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ ባሕር የተፋቸውን ሰዎች ፎቶ ስፈልግ አድር ነበር። ፊት ይለወጣል ሲሉ ስለ ሰማሁ የማየው እግራቸውን ነበር። ይህን ማንም አያውቅም ነበር። አባቴም ሌሊቱን ምን ሲያደርግ እንደሚያድር አላውቅም፤ ሲገላበጥ ብቻ እሰማዋለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለው አባቴ ነው ያን ቀን ከቅዳሴ ሲመለስ ጋቢውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ፣

«ጥሩነሽ የዱር ቅጠል ሠርታለች አሉ» ያለኝ። «ሳማ አለበት፣ አሉማ አለበት። ልጅ ሆኜ ነው የበላሁት። ሄደን እንቅመስ።»

«በዚህ ዝናብ አባዬ?»

«ምነው? ስኳር ነን እንዴ የምንሟሟ?»

ለወራት ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም ሄዶ አያውቅም። አንድ ነገር አማረኝ ሲል በሰማሁት ደስታ ጃንጥላውን አነሳሁ። በዚያ ሰሞን ሰዓት እላፊ ታውጆ ከመሸ ተሽከርካሪ ስለማይንቀሳቀስ ሰው በጊዜ ነው ቤቱ የሚገባው፤ ነገር ግን ገና ብርሃን ነበር፣ ምግብ ቤቱም ከእኛ ሕንፃ ጀርባ ነው።

የእትዬ ጥሩነሽ ቤት ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነው። ጠረጴዛዎቹ ጥቂት፣ ወንበሮቹ በርጩማ ናቸው። እትዬ ጥሩነሽ በየክረምቱ ፍልሰታ ሲገባ ዝናቡ ያበቀለውን ቅጠል ሁሉ ለቃቅመው አንድ ቀን ብቻ ወጥ ይሠራሉ፤ እናታቸው በችግር ዘመን ያበሏቸው የነበረው ነው። ከጊዜ በኋላ የሰፈሩ ሰው እንደ ጨዋታ አደረገው። እገሌ ሳማ በላ፣ እገሊት ምላሷን ሳያሳክካት ወጣች ይባላል። እኔ ግን ቀምሼ አላውቅም ነበር።

ዝናቡ ሰውን ስላስቀረው ከእኛ በፊት የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጌትነት የሚባል ሹፌር። ከሳንጃ ማሽላ ጭኖ ሲመጣ ጎርፍ መንገድ ይዞበት ውሎ፣ መኪናውን ከደጅ አቁሞ ገብቷል። ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይንቀጠቀጣል።

«ሌላው ጠረጴዛ ላይ ጣራው ያንጠባጥባል» አሉ እትዬ ጥሩነሽ። «እዚህ ምድጃው አጠገብ አብራችሁ ብሉ። በአንድ ትሪ ላቅርብላችሁ።»

ሦስታችን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። በአራተኛው በኩል አንድ በርጩማ ባዶውን ቀረ።

ወጡ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ በዝቶበታል። ከጎኑ ሽሮ ፈሰስ አድርገውልናል። ጌትነት የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዞ ወደ አባቴ ዞረ።

«አያ፣ ፍየል የሸሸውን እኛ ልንበላው ነው?»

«ፍየል ምን ታውቃለች?» አለ አባቴ። «ብላ፣ ያሞቅሃል።»

በላ፤ አኘከና ራሱን ነቀነቀ። «ሸጋ ነው» አለ። እኔም ቀመስሁ። አንዱ ጉርሻ ይጣፍጣል፤ አንዱ ደግሞ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት አለው። ሁለት ሦስቴ ጎርሼ ወደ ሽሮው አዘነበልሁ። አባቴ ግን እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። እናቱ ሳማ በጨርቅ ይዛ ስትቀጥፍ፣ እሱ ደፍሮ በእጁ ይዞ ሲያለቅስ የነበረውን እያጫወተን ሳቅን። እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ በጭልፋ እየቀመሱ ይመጣሉ፤ «ጨው አነሰው እንዴ?» እያሉ ይጨምሩልናል። ትሪው ተጠርጎ አለቀ። ከበላን በኋላ ካፊያው እንደገና ዶፍ ስለ ሆነ፣ ቀለል እስኪል ብለን ሻይ አዘዝን።

መብራት የጠፋው ሻዩን ሳንጨርስ ነው። እትዬ ጥሩነሽ አንዲት ትንሽ የሶላር መብራት አምጥተው ከጠረጴዛው ጫፍ አስቀመጡ። ጌትነት እጁን ዓይኑ ላይ ጋረደ።

«ቀንሱልኝ እባካችሁ። ዓይኔን ወጋኝ።»

መብራቷ የምታበራው ከኩባያዎቹ አልፎ አልነበረም። እየቀለደ መሰለኝ። አባቴ ውሃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ጠጣ፤ ደግሞ ጠየቀኝ።

«አፌ ደረቀ» አለ። «ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ።»

«ሚጥሚጣው ይሆናላ።»

ጋቢውን ከትከሻው አወረደው። ፊቱ ቀልቷል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር መልቀም ጀመረ፤ ቀጭን ክር የሚያነሳ ይመስል በሁለት ጣቱ እየለቀመ በጎኑ ይጥላል። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም።

«አባዬ፣ ምንድን ነው?»

«እዚህ ሁሉ ፈስሶ አታዪም?»

ጌትነትን አየሁት። ሁለት እጁን ዘርግቶ መሪ ጨብጧል። ቀኝ እግሩ ከወለሉ ላይ ይረግጣል፣ ይለቃል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፁን ስለ ዋጠው ጠጋ ብዬ አዳመጥሁት።

«ከመንገድ አይወጣም እንዴ ያ ሰውዬ?» ይላል። «መሀል መንገድ ቆሞ ያየኛል።»

በዚህ ጊዜ እትዬ ጥሩነሽ ከጓዳ ወጡ። በአንድ እጃቸው ሳህን፣ በሌላው የተጠቀለለ እንጀራ ይዘዋል። በቀጥታ መጥተው ባዶው በርጩማ ፊት አስቀመጡት።

«ይሄ ለማን ነው እትዬ?» አልሁ።

«ለእንግዳው ነዋ። እስካሁን ሳይበላ ተቀምጦ ዝም ትላላችሁ?»

በደንብ አስተውዬ አየኋቸው። አይስቁም። አባቴ ከለቀማው ቀና ብሎ ወደ በርጩማው ዞረ። እጁ ባለበት ቀረ። ከዚያ ፊቱ ተፈታ፤ ከጎረቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው እንደሚያይ ዓይነት ነበር።

«አንዳርጌ» አለ። «መቼ ገባህ?»

አንባቢዎቼ፣ ያን ስም ከአባቴ አፍ ስሰማ የተሰማኝን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አባቴ ጆሮውን ወደ በርጩማው አዘንብሎ አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሁን፣ ይሁን። ብላ መጀመሪያ። እጅህን ታጥበሃል?»

«አባዬ» ብዬ ክንዱን ያዝሁት። ፈጀኝ። ትኩሳቱ በእጀ ጠባቡ አልፎ ይሰማል፤ ላብ የሚባል ግን የለውም። ወደ እኔ አልዞረም። ለሌላው ሰው የሚናገረውን ቀጠለ።

«እናትህማ የለችም።»

አዳመጠ።

«አይ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። አርፋለች ልጄ። አንተ እዚያ ሳለህ ነው። አልነገርንህም። ብቻህን ምን ትሆናለህ ብለን ነው።»

ከዚያ እጁን ዘርግቶ አየሩ ላይ የሆነ ነገር ዳበሰ። የተቀመጠ ሰው ትከሻ ያለበት ቦታ ነው። «አልቅስ» አለው። «አልቅስ፣ ምን ታደርጋለህ።» አባቴም አለቀሰ። ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር፤ ፊቱ ያለቅሳል፣ እንባ አይወጣም።

በስተኋላዬ እትዬ ጥሩነሽ ወደ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሄደዋል። በርጩማ በመቀነታቸው እየጠረጉ «ግቡ፣ ግቡ፣ በዚህ በኩል አያፈስም» ይላሉ። በየጠረጴዛው እንጀራ አስቀምጠዋል። ወደ እኔ ዞር ብለው ፈገግ አሉ።

«ዝናቡ ነው ያመጣቸው» አሉኝ። «ቦታ የለኝም እንግዲህ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።»

ዙሪያዬን አየሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። ሦስቱ ግን ቤቱ ሞልቶ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ የመጣልኝ ጸሎት ነው። በስመ አብ ብዬ አማተብሁ። ከዚያ መብራቷን አንስቼ የአባቴን ፊት ሳይ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ሌላው ሁሉ ጠፍቷል። የጌትነትም እንደዚያው ነበር። ሆስፒታል ነርስ ለሆነችው ጓደኛዬ ለሰብለ ደወልሁ። ቁጥሩን ለማንበብ ስልኩን ከዓይኔ ማራቅ ነበረብኝ፤ ፊደሉ ይቀላቀልብኛል።

ሁሉንም ነገርኋት።

«የበላችሁት ምንድን ነው?» አለች።

«ቅጠል። የዱር ቅጠል ወጥ።»

«የዓይናቸው ብሌን ሰፍቷል? ትኩሳት አለ፣ ላብ የለም?»

«አዎ።»

«አንቺስ በልተሻል?»

«ትንሽ።»

«አሁኑኑ ይዘሻቸው ነይ። የተረፈውን ወጥ በላስቲክ ያዢ። ብቻቸውን እንዳትተያቸው፤ እሳት አጠገብ አይቀመጡ። ማስተዋል፣ አባትሽ ደም ግፊት አለበት። ሳይመሽ ድረሺ።»

ስልኩን ስዘጋ ጌትነት ቆሟል። «ልንቀሳቀስ» አለ፤ እጁ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ ይፈልጋል። ቁልፉ ፊቱ ነው፤ አያየውም። ትሪውን ገፋ አድርጌ ከሥሩ ሸፈንሁት፤ ከዚያም ወደ ቀሚሴ ኪስ አስገባሁት። ጌትነት ፍለጋውን ትቶ ተቀመጠና መሪውን እንደገና ያዘ።

በሩን ከፍቼ ወጣሁ። ጉሙ ከጫማዬ በላይ ያለውን ሁሉ ውጦታል። ጮኼ ተጣራሁ። ከማዶ ሁለት ጎረቤቶች መጡ፤ አንዱ ሚኒባስ ስላለው እትዬ ጥሩነሽንና ጌትነትን ሊያመጣቸው ሄዶ መኪናውን አስነሳ፤ ሌላው ከእነሱ ጋር ቀረ። ወደ ቤቱ ሲመለስ የነበረ አንድ ባጃጅ ደግሞ አስቆምሁ።

«እህቴ፣ ሊመሽ ነው» አለኝ ባለ ባጃጁ።

«አባቴ ሊሞትብኝ ነው» አልሁት።

ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ አቆመልኝ። ተመልሼ ገብቼ ከጓዳ የተረፈውን ወጥና ጥሬ ቅጠል በላስቲክ ጠቀለልሁና የአባቴን ክንድ ያዝሁ። አልነሳ አለ። የገበሬ ክንድ ነው፤ ስጎትተው ጠረጴዛው አብሮ ይሳባል።

«ልጄን ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለ።

«አባዬ፣ ማንም የለም። አሞሃል።»

የዚያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ጥቁር ዓይኑ አየኝ።

«ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ» አለ። «እሱ አልሄድም ብሎኝ ነበር። አንቺ አታውቂም። ሂድ፣ እዚህ ምን አለህ አልሁት። አሁን ሁለተኛ ልተወው?»

ይህን አላውቅም ነበር። አንዳርጌ በራሱ ፈቃድ፣ እንዲያውም አባቴን አስቀይሞ የሄደ ነበር የሚመስለኝ። ለዓመታት አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር አባቴ ለምን ለቅሶውን እንደ ከለከለ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ሳላስበው ወደ በርጩማው ተመለከትሁ።

አሁን የምነግራችሁን እንደፈለጋችሁ ውሰዱት። እኔም ከወጡ በልቻለሁ፤ ዓይኔም ደፍርሶ ነበር። በርጩማው ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር። ጀርባው ወደ እኔ ነው። ፀጉሩ አንገቱ ላይ ተለጥፎ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ልብሱ ከውሃ ብዛት ጠቁሮ ከትከሻው ጋር ተጣብቋል። አይንቀሳቀስም። ፊቱን እንዳያዞር ብዬ ፈራሁ። ለዓመታት የናፈቅሁት ፊት ነው፤ በዚያች ደቂቃ ግን እንዳያዞር ለመንሁ።

አባቴ ትንፋሹ እያጠረ ነበር። ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነው። ወደ ጀርባው ተናገርሁ።

«አንዳርጌ» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ተነስ። አባዬ አሞታል። ሐኪም ቤት እንውሰደው።»

አባቴ ወዲያው ተነሳ። ጎን ለጎኑ የሚሄድ ሰው እጅ እንደያዘ ሆኖ፣ ትንሽ ዘመም ብሎ ከበሩ ወጣ። በሩ ጠባብ ነው፤ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ አሳለፈው። በርጩማውን መልሼ አላየሁም።

ባጃጁ ውስጥ አባቴ ዳር ላይ ተቀመጠ። መሀሉን ለቀቀ። እኔም በሌላው ዳር ተቀመጥሁ። መንገዱ ላይ ሸራው እየተነሳ ዝናቡ ይገባል፤ የቀኝ ጎኔ እስከ ውስጥ ልብሴ ራሰ። ባለ ባጃጁ በመስታወት አየን።

«ወደ መሀል ጠጋ በሉ እንጂ፤ ቦታ አለ» አለ።

አልተጠጋሁም። መሀሉ ደረቅ ነበር፤ አንድ ክንድ ብገፋ እደርቅ ነበር። አልቻልሁም። አባቴ ወደ መሀሉ ዞሮ «በረደህ?» አለ። ጋቢውን ፈታና በሦስታችን ላይ ዘረጋው። ጫፉን ለእኔ አቀበለኝ። ያዝሁት። ጉሙ ውስጥ፣ የፊት መብራቱ ከአፍንጫው አልፎ በማያበራ ባጃጅ፣ አባቴ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን፣ በመካከላችን ጋቢው ተወጥሮ ሄድን። አንዳንድ ጊዜ አባቴ በዝግታ ያወራል። መንደሩን፣ የአጎቴን በሬዎች፣ ማን እንዳገባ። የሰው ወሬ የናፈቀውን ልጅ እንደሚያጫውት ሰው ነበር።

ሆስፒታሉ ደጅ ስንደርስ ሰብለ ባለ ጎማ ወንበር ይዛ ቆማ ነበር። አባቴ ከባጃጁ ወረደ። ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«እሱ አይገባም» አለ።

«ይግባ አባዬ፣ ይግባ» አልሁት።

«አይ። እስከዚህ ነው አለ።»

ከዚያ እጁን ዘርግቶ አየሩን አቀፈ። በአንድ በኩል ጉንጩን አስጠጋ፣ በሌላው፣ ደግሞ በፊተኛው። የተሳሳመበት ቦታ የአንዳርጌ ቁመት ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ፣ ከእኔ በአንድ ራስ ይበልጥ ነበር። «በል እንግዲህ» አለ። «በል ሂድ።» በዚህኛው ቃሉ ውስጥ ቁጣ የለም፣ ልመናም የለም። ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ሰብለ ወንበሩ ላይ ተቀበለችው።

ሐኪሙ በላስቲክ የያዝሁትን ቅጠል ዘርግቶ አየው። «አስተናግር ነው» አለ። በየቦዩ ዳር የሚበቅል፣ ነጭ አበባ የሚያወጣ ነው፤ ለጋ ሳለ ከአሉማ ጋር ይመሳሰላል። እትዬ ጥሩነሽ ያን ዓመት ወገባቸውን ስላመማቸው ቅጠሉን ራሳቸው አልለቀሙም፤ ከመንገድ ዳር በእስር ገዝተው ነው፤ ለቃሚዋ ሳታውቅ ደባልቃው ኖሯል። ብዙ ከበሉት ይገድላል። አባቴ ብዙ በልቷል። ግሉኮስ ተሰካለት፤ መርፌውን ሊነቅል ሲታገል እጁን በፋሻ አሰሩት። እኔንም አስተኙኝ። ከጎኔ ባለው አልጋ ጌትነት መሪውን ሲያዞር፣ ከወዲያ እትዬ ጥሩነሽ «ጠጋ በሉ» ሲሉ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሁላችንም ተረፍን። አባቴ ከሁለት ቀን በኋላ ዓይኑን ገለጠና ውሃ ጠየቀኝ። የት እንዳለ አላወቀም። ያን ቀን የሆነውን አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁበትም። ረስቶታል ብዬ አሰብሁ። ጌትነት ከሆስፒታል ሲወጣ ቁልፉን ስመልስለት አንድ ነገር ጠየቅሁት። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰንብቶ ነበር።

«ያን ቀን እርጥብ ጃኬትህን በርጩማው ላይ ሰቅለኸው ነበር?»

«ኧረ አላወለቅሁትም» አለኝ። «በብርድ እየሞትሁ ነበር እኮ።»

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መስከረም ውስጥ ነው፤ ከአባቴ ጋር ከሕንፃው በታች ፀሐይ እንሞቅ ነበር። ከጎናችን ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ። አባቴ ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ፣

«ማስተዋል፣ ያን ቀን አንቺም አይተሽዋል?» አለኝ።

ረስቶ አልነበረም። አንድም ነገር አልረሳም ነበር።

«ጀርባውን ነው ያየሁት» አልሁ።

«ስትጠሪው ሰምቻለሁ። እንዴት ነበር?»

ልዋሸው አሰብሁ። እንደዚያ ዓይነት ውሸት አውቅበታለሁ፤ «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች» ስል ኖሬያለሁ። አልዋሸሁትም።

«ርሶ ነበር አባዬ። ከራሱ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር።»

የሚያሰጡት ሰዎች ጨርሰው ገቡ።

«እኔም መጀመሪያ ሳየው እንደዚያው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ስንለያይ ግን ደርቆ ነበር። ደጁ ላይ ስስመው ሸሚዙ ደረቅ ነበር። በዚያ ዶፍ።»

እጁን አየው፤ በዚያ እጁ ነው ያቀፈው።

«ለነፍስ አባቴ ልነግር ነው» አለ። «ፍትሐቱ ይደረግለት። ሰዎቻችንንም ጥሪያቸው፤ መጥተው ያልቅሱ።»

መጡ። ድንኳን ተተከለ። በር ላይ የመለሳቸው ሰዎች ሁሉ መጡ፤ አንድም የቀረ የለም፣ አንድም የወቀሰው የለም። አባቴ በመካከላቸው ቆሞ «ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ» ብሎ በሁሉም ፊት ተናገረ። አጎቴ አቅፎት አብሮት አለቀሰ። አባቴ ያን ቀን ያወጣው እንባ ነበር፤ አየሁት፣ ጢሙን አርሶት ነበር። የዚያን ሌሊት ሲገላበጥ አልሰማሁትም። እኔም ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤ መግባት ተውሁ።

ይህን ታሪክ የነገርኋቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ «ቅጠሉ ነው» ይላሉ፤ ሰብለ ከእነዚህ ናት፤ አእምሮ የጠማውን ያያል ትለኛለች። እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ያን ቀን ያስተናገዷቸውን ሰዎች አንድ በአንድ በስም ያውቋቸዋል፤ ዛሬም ስለነሱ ሲጠየቁ ወጡ ለሁሉም እንዲደርስ ብለው ማቅጠናቸው ነው የሚቆጫቸው። የዱር ቅጠል ግን ከዚያ ወዲያ ሠርተው አያውቁም። እኔን ብትጠይቁኝ ቅጠል ነው እላለሁ፤ በላስቲክ ይዤው የሄድሁት እኔው ነኝ። ግን ዝናብ ሲዘንብ ባጃጅ ውስጥ መሀል ላይ መቀመጥ እስከዛሬ አይሆንልኝም።

እናንተም ቤት ስሙ የማይጠራ ሰው ካለ እባካችሁ ጥሩት። ሞቷል ወይስ አለ ብላችሁ እስክታረጋግጡ አትጠብቁ። ስሙን አለመጥራት ሰውየውን አያቆየውም፤ ያሉትን ነው እርስ በርስ የሚያለያይ። እኔና አባቴ ይህን ያወቅነው ሞት አጠገባችን ከተቀመጠ በኋላ ነው።

አሁን እኛ ቤት ይጠራል። አባቴ ራት ላይ ወጥ ሲጣፍጠው «አንዳርጌ ይሄን ይወድ ነበር» ይላል። እኔ «ኧረ እሱ ምስር ዓይኑን አያይም ነበር» እለዋለሁ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ይለኛል። እስክንጠግብ እንከራከራለን።